በከተማ ዳር አዲስ ሰፈር ሲመሠረት ጤናዎን የሚወስኑ ነገሮች

መርጡለ ማርያምን የመሰለ የደጋ ከተማ የሚያድገው ወደ ማሳው ነው። አምና ጤፍ የታጨደበት መሬት ላይ ዘንድሮ ቀያሽ ችካል ይተክላል፤ ድንጋይና አሸዋ ይራገፋል፤ ጥቂት ክረምት ሳያልፍ የቆርቆሮ ጣሪያ በረድፍ ይታያል። በዚህ መካከል ባለ ቦታው የሚጨነቀው ስለ ሲሚንቶ ዋጋ፣ ስለ አናጺ ክፍያና ስለ ካርታ ነው። ስለ ጤና የሚያስበው ልጁ ተቅማጥ ሲይዘው ወይም የሐምሌ ጎርፍ በር ሲገባ ነው። ያን ጊዜ ግን መንገዱ ጠብቧል፣ የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ተቆፍሯል፣ ጎረቤትም ሠርቶ ገብቷል። መሬቱ ማሳ ሳለ በገመድና በችካል ሊስተካከል ይችል የነበረው ነገር አሁን ቤት ማፍረስ ይጠይቃል።

ይህ ጽሑፍ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ በመርጡለ ማርያምም ሆነ በሌሎች የምሥራቅ ጎጃም ከተሞች ዳርቻ ቦታ ለተመሩ፣ በማኅበር ለተደራጁ ወይም ለመሥራት ለሚያስቡ የተዘጋጀ ነው። ተከራይተው ለሚገቡም ይጠቅማል። ከዚህ በታች እንደሚያዩት፣ በእነዚህ ሰፈሮች በሽታን ከሚከላከሉት ነገሮች አብዛኞቹ በአንድ ግቢ አጥር ውስጥ ብቻ ሊሠሩ የማይችሉ ናቸው። ግቢዎ የቱን ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ ከእርስዎ በላይ ያለው ጎረቤት የሚለቀው ፍሳሽ ወደ እርስዎ ይወርዳል።

ሽንት ቤትና የውሃ ጉድጓድ በአንድ ግቢ

በጉድጓድ ሽንት ቤትና በመጠጥ ውሃ ጉድጓድ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር ርቀት እንዲኖር ይመከራል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ታችኛው ጫፍም ከከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ 1.5 ሜትር ከፍ ማለት አለበት። ይህን ምክር ብዙ ሰው ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ሰምቷል። አሁን 10 በ15 ሜትር የሆነ፣ ማለትም 150 ካሬ ሜትር የሆነ ቦታ ያስቡ። ከአንዱ ጥግ እስከ ተቃራኒው ጥግ ያለው ርዝመት 18 ሜትር ብቻ ነው። ሽንት ቤቱን በአንዱ ጫፍ፣ የውሃ ጉድጓዱን በሌላው ጫፍ ቢቆፍሩ እንኳ ርቀቱ አይሟላም። የእርስዎ ቢሟላ ደግሞ የጎረቤትዎ ሽንት ቤት ከአጥሩ ማዶ ሁለት ሜትር ላይ ሊሆን ይችላል።

በጎጃም ደጋ ተጨማሪ ችግር አለ። ከአፈሩ ሥር ያለው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ባዛልት ነው። ፍሳሽ በአፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ በተወሰነ ደረጃ ይጣራል፤ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ሲያልፍ ግን ሳይጣራ ሩቅ ይሄዳል። ስለዚህ 30 ሜትር ራሱ ዝቅተኛው መጠን ነው እንጂ ዋስትና አይደለም። ጠጋ ጠጋ ብለው በተሠሩ ቤቶች መካከል የተቆፈረ የእጅ ጉድጓድ ውሃ ጥርት ያለ ቢመስልም ለመጠጥ አይሁን። ለልብስና ለግንባታ ይጠቀሙበት።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው፤ እንዲህ ባለ ሰፈር የመጠጥ ውሃ ከውጭ መምጣት አለበት። የቧንቧ መስመር ወደ እያንዳንዱ ቤት እስኪደርስ ድረስ ቦኖ ያስፈልጋል። ቦኖው የት ይሁን የሚለውን ቤቶቹ ከመሠራታቸው በፊት መወሰን ይሻላል። ለመነሻ ያህል፣ ሄዶ ወረፋ ይዞ ለመመለስ ከ30 ደቂቃ በላይ የማይፈጅ የውሃ ቦታ መሠረታዊ አገልግሎት ይባላል። ለአንድ ሰው በቀን 20 ሊትር ብንይዝ አምስት ሰው ያለበት ቤት በቀን አምስት ጀሪካን ይፈልጋል። ውሃው ሲርቅ መጀመሪያ የሚቀነሰው የሚጠጣው አይደለም፤ እጅ መታጠቢያው፣ የልጅ ፊት መታጠቢያውና የእግር መታጠቢያው ነው። በዚህ አካባቢ ዋጋ የሚያስከፍለውም ይኸው ቅነሳ ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እንመለስበታለን።

ስለ ሽንት ቤቱ ጉድጓድ መጠን አንድ ስሌት እንሥራ። አንድ ሰው በዓመት እስከ 60 ሊትር የሚደርስ ደረቅ ክምችት ይተዋል። ስድስት ሰው ያለበት ቤት በዓመት 360 ሊትር ማለት ነው። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ሆኖ ሦስት ሜትር የጠለቀ ጉድጓድ፣ ከላይ ግማሽ ሜትር ባዶ ሲተው፣ ሰባት ዓመት ገደማ ያገለግላል። ከዚያ በኋላስ? ገጠር ሌላ ይቆፈራል፤ 150 ካሬ ሜትር ላይ ግን ዋናው ቤት፣ ማእድ ቤቱና ኪራይ ቤቱ ከተሠራ ሁለተኛ ጉድጓድ የሚቆፈርበት ቦታ አይተርፍም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ሁለት ጉድጓድ ጎን ለጎን ያስቡ፤ አንዱ ሞልቶ ቢያንስ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ሲቆይ ሌላው ያገለግላል። ወይም መምጠጫ መኪና ሊገባ በሚችልበት በመንገድ በኩል ይሥሩት። ዋልካ አፈር ከሆነ ጉድጓዱ ክረምት ላይ ይደረመሳልና ዙሪያውን በድንጋይ ይገንቡት። ከበሩ አጠገብ ውሃና ሳሙና ያለበት የእጅ መታጠቢያ ከሌለው ሥራው ግማሽ ነው።

ከላይ ማን አለ? ከታችስ?

ማሳ ሳለ አፈሩ የዝናቡን ከፊሉን ይጠጣል፤ እርከኑም ያዘገየዋል። ጣሪያና የተጠቀጠቀ መንገድ ግን አይጠጡም። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። 40 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው ቤት 30 ሚሊ ሜትር የሆነ አንድ ኃይለኛ ዝናብ ቢያገኘው 1,200 ሊትር ያፈሳል። መቶ ቤት ያለበት አዲስ ሰፈር 120,000 ሊትር ማለት ነው፤ ያውም በአንድ ከሰዓት በኋላ። ይህ ሁሉ ውሃ ወደ ታች ይሄዳል። መንገዱ ቦይ ከሌለው መንገዱ ራሱ ቦይ ይሆናል፤ ጥቂት ዓመት ውስጥም ቦረቦር ሆኖ ቤት መጎተት ይጀምራል።

ከጤና አንጻር የጎርፉ ዋና ጉዳት የሽንት ቤት ጉድጓድን ሞልቶ ማፍሰሱ ነው። ከላይኛው ግቢ የወጣ ዓይነ ምድር በታችኛው ግቢ በኩል አልፎ ምንጭ ወይም ወንዝ ይገባል። የክረምት ተቅማጥ የሚበረታበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቦታ ሲመርጡ ወይም ሲመሩ የመጀመሪያውን ምክር ከቀያሹ አይጠብቁ። የማሳውን የቀድሞ ባለቤት ይጠይቁ። ያ አርሶ አደር ነሐሴ ላይ ውሃ የሚተኛው የት እንደሆነ፣ የትኛው ጥግ ላይ ምንጭ እንደሚፈልቅ፣ ጎርፍ መቀልበሻው በየት እንደሚያልፍ ያውቃል። አባቱም ያውቅ ነበር። ይህ እውቀት በየትኛውም ካርታ ላይ የለም፤ መሬቱ ሲሸነሸን አብሮ የሚጠፋውም እሱ ነው። የቀድሞው የውሃ መውረጃ ላይ ቤት አይሥሩ፤ ሌላ ሰው እንዲሠራበትም አይተዉ። ከዚያ ይልቅ ሣርና ዛፍ ተክሎ ለውሃው መተው ሰፈሩን በሙሉ ይጠቅማል።

የጣሪያውን ውሃ በአሸንዳ ሰብስቦ ሮቶ ውስጥ ማጠራቀም ጎርፉንም ይቀንሳል፣ የጀሪካን ሸክሙንም ያቀላል። በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢወርድና ከእሱ ሰማንያ በመቶው ቢሰበሰብ፣ ከ40 ካሬ ሜትር ጣሪያ 32,000 ሊትር ይገኛል። ሁሉን ማጠራቀም አይቻልም፤ ግን በክረምት ወራት ለልብስ፣ ለእጅና ለእግር መታጠቢያ ውሃ ከቦኖ መቅዳት አያስፈልግም። የመጀመሪያውን ዝናብ ጣሪያው እስኪታጠብ ያፍስሱት። ለመጠጥ ከሆነ አፍልተው ወይም እንደ ውሃ አጋር ባለ ማከሚያ አክመው ይጠቀሙ፤ መጠኑን ከማሸጊያው ላይ አንብበው ከጨመሩ በኋላ 30 ደቂቃ ይጠብቁ።

ቀይ አፈርና እግር

በጎጃም ደጋ ብዙ ሰው የሚያውቀው፣ ግን ከሰፈር አሠራር ጋር የማያያይዘው በሽታ ዝሆኔ ነው። በደጋ የሚታየው የእግር ዝሆኔ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። በትንኝ አይተላለፍም፣ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፣ እርግማንም አይደለም። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ በዓይን የማይታዩ የአፈሩ ማዕድናት በቆዳ ውስጥ ገብተው የሰውነት ፈሳሽ የሚመላለስባቸውን ሥሮች ያቆስላሉ። እግሩ ቀስ በቀስ ያብጣል፣ ቆዳው ይወፍራል። በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ መብዛቱም በዘር የሚወረስ ተጋላጭነት ስላለ ነው። በሽታው ራሱን የቻለ መሆኑን በሰፊው ያስረዳው በኢትዮጵያ ይሠራ የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ሲሆን፣ ጥናቶቹን ያሳተመው በ1970ዎቹና በ80ዎቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መከላከያው ጫማ ነው ሲባል ይሰማሉ፤ እውነት ነው። ነገር ግን ጫማ ብቻውን አይበቃም። ቤት ውስጥ ጫማ አውልቀው የሚቀመጡበት ወለል አፈር ከሆነ እግርዎ ከአፈሩ አልተለየም። ገንዘብ ሲያጥር ብዙ ሰው ለግድግዳው ቀለምና ለበሩ ብረት ቅድሚያ ይሰጣል፤ በእኔ ግምት ግን ቅድሚያው ለወለሉ ሊሾ መሆን አለበት። ሊሾው እስኪደርስ ድረስ የተጠቀጠቀ ጠጠር ላይ የተነጠፈ ላስቲክና ምንጣፍም ከባዶ አፈር ይሻላል። ከሁሉ በላይ ልጆች የሚውሉበት ቦታ ይሸፈን።

የሰፈሩ መንገድም እንዲሁ ነው። በአገራችን ከተሞች የኮብልስቶን ንጣፍ ሲስፋፋ በአብዛኛው የተወራው ስለ ሥራ ዕድሉ ነው። ለእግርም ግን ትልቅ ጥቅም አለው፤ ጭቃና አቧራ ይቀንሳል፣ ጫማም ዕድሜ ያገኛል። ሰፈሩ ተሰባስቦ ሲያነጥፍ ብዙ ጊዜ የሚረሳው የጎን ቦይ ነው። ቦይ የሌለው ኮብልስቶን በሁለት ክረምት ይነቀላል። ገንዘቡ ለሁለቱ የማይበቃ ከሆነ ንጣፉ ጠባብ ሆኖ ቦዩ ይሠራ።

ዝንብ፣ ዓይንና ፊት መታጠብ

የአማራ ክልል በዓለም ላይ ትራኮማ በብዛት ከሚገኝባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ትራኮማ በልጆች ላይ ይጀምራል፤ ደጋግሞ ሲይዝ የላይኛው ሽፋሽፍት ወደ ውስጥ ታጥፎ ዓይንን ይፍቃል፤ በመጨረሻም ያሳውራል። ከሚያስተላልፉት አንዷ በሰው ፊትና ዓይን ላይ የምታርፍ ዝንብ ናት። ይቺ ዝንብ የምትራባው በተለይ ሜዳ ላይ በተተወ የሰው ዓይነ ምድር ላይ ነው እንጂ ክዳን ባለው ጉድጓድ ውስጥ አይደለም። ይህ ለአዲስ ሰፈር ትርጉም አለው። ግንባታ ላይ የሚውሉ ሠራተኞች ሽንት ቤት ከሌላቸው ከጎን ያለውን ባዶ ቦታ ይጠቀማሉ፤ ገና ያልተሠራ ቦታም ለዓመታት የሰፈሩ ሜዳ ሽንት ቤት ይሆናል። ስለዚህ በግቢዎ የመጀመሪያው ግንባታ ሽንት ቤቱ ይሁን። ከመሠረቱ በፊት። ሠራተኞቹም ይጠቀሙበታል። ከዚያ የሚቀረው የልጆችን ፊት በየቀኑ ማጠብ ነው፤ እሱ ደግሞ ተመልሶ ቦኖው የት ይሁን የሚለው ጥያቄ ላይ ይጥለናል።

ማእድ ቤት

በአጭሩ፦ ማእድ ቤቱን ከመኝታው ይለዩት፤ ትይዩ የሆኑ ሁለት መስኮቶች ወይም ከጣሪያው ሥር ክፍት ቦታ ይተዉለት። እንጀራ የሚጋገርበት ምርጥ ምድጃ በሦስት ጉልቻ ከሚነደው ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ግማሽ ያህል ይቆጥባል፤ ጭሱም ይቀንሳል። ጭስ የሕፃናት ሳንባ ምች አንዱ መንስኤ ነውና ሕፃን በጀርባ ታዝሎ አይጋገር። የመኝታ ክፍልም መስኮት የሚከፈት ይሁን፤ ሳንባ ነቀርሳ የሚዛመተው አየር በማይዘዋወርበት ቤት ነው። የደጋ ብርድ መስኮት ለማጥበብ እንደሚያስገድድ ይገባናል፤ ቀን ቀን ግን ይከፈት።

ዛሬ ዳር የሆነው ነገ መሀል ነው

ቆሻሻ ማራገፊያ፣ ቄራና መቃብር ሁልጊዜ ከከተማ ዳር ይደረጋሉ። ከተማው ግን አይቆምም። አዲስ አበባ ውስጥ ቆሼ የሚባለው ቆሻሻ መጣያ ሲጀመር ከከተማው ወጣ ያለ ነበር፤ ቤቶች እየተጠጉ መጥተው መሀላቸው አስገቡት። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞቱ። ትንሽ ከተማ ያን የሚያህል ክምር አይኖራትም። ሆኖም ከቄራና ከቆሻሻ አጠገብ ውሻ ይሰበሰባል፣ የእብድ ውሻ በሽታም አብሮ ይመጣል። ዝናብ ያጠበው ፍሳሽ ደግሞ ወደ ምንጭ ይወርዳል። ማራገፊያው ከምንጭና ከሰፈር በታች፣ ከተማው በሃያ ዓመት ውስጥ ከማይደርስበት አቅጣጫ መሆኑን ይጠይቁ።

ባዶ ቦታን በተመለከተ፣ ለአገራችን ከተሞች የተቀመጠው መነሻ 30 በመቶ ለመንገድና ለመሠረተ ልማት፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል ነው። በተግባር ክፍቱ ቦታ ቀስ በቀስ ይሸነሸናል። ሰፈሩ ገና ከጅምሩ ቢያጥረውና ወይራ፣ ዋንዛ ወይም ጽድ ቢተክልበት የሚደፍረው ይቀንሳል። እቴጌ እሌኒ በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ያሠሩት ቤተ ክርስቲያን ፍርስራሽ ያለበት የመርጡለ ማርያም ገዳም ለዚህ ይጠቀሳል፤ በየአጥቢያው እንደሚታየው፣ የአገር ዛፍ ሳይቆረጥ የኖረው ሰው የኔ ብሎ በጠበቀው ቅጥር ውስጥ ነው። ባሕር ዛፍ ለማገዶና ለማገር ይጠቅማል፤ ከምንጭና ከጉድጓድ አጠገብ ግን አይተከል፣ ውሃውን ይመጠዋል።

ማንን ምን ይጠይቁ?

በአዋጅ ቁጥር 574/2000 መሠረት ከተማ የሚያድገው በፕላን ነው፤ አጠቃላዩን አቅጣጫ የሚያሳይ መዋቅራዊ ፕላንና ለየሰፈሩ የሚዘጋጅ የአካባቢ ልማት ፕላን አለ። ማዘጋጃ ቤት ሄደው የሰፈርዎን ፕላን ያሳዩኝ ይበሉ። ከዚያም ጥያቄው እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦ የጎርፍ መውረጃው የቱ ጋ ነው? ቦኖ ወይም ዋናው የቧንቧ መስመር በየት ያልፋል? መምጠጫ መኪናና አምቡላንስ እስከ የት ይገባሉ? ክፍት ሆኖ የሚቆየው የትኛው ቁራሽ ነው? ብቻዎን ከሚሄዱ የሰፈሩ እድር ወይም የቤት ሠሪ ማኅበሩ ሦስት ሰው ይላክ፤ ከመካከላቸው አንዷ ውሃ የምትቀዳ ሴት ትሁን። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋንም ይዘው ይሂዱ፤ ሽንት ቤት የት ይቆፈር የሚለውን ግቢ ድረስ መጥታ ታሳያለች።

ካርታ የሌለው፣ ጨረቃ ቤት በሚባለው የሚኖር ሰው ማዘጋጃ ቤት መሄድ ሊፈራ ይችላል። ጎርፍና ተቅማጥ ግን ካርታ አይጠይቁም። ሰፈርተኛው የቦይና የውሃ ጉዳይ ሲያነሳ እነዚህን ቤቶች ቆጥሮ ያንሳ፤ የእነሱ ሽንት ቤት ከሞላ የሚፈሰው ወደ ሌላው ግቢ ነው።

በክብረ በዓል ጊዜ ደግሞ ለብቻው ይታሰብ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በቋራ ወረዳ በበርሚል ጊዮርጊስ ጸበል ኮሌራ ተከስቶ ነበር፤ ብዙ ሰው በአንድ ቦታ ሲሰበሰብ ሽንት ቤትና ንጹሕ ውሃ ካልበቃ የሚሆነው ይህ ነው። እንደ መርጡለ ማርያም ያለ ምእመን የሚጎርፍበት ከተማ እንግዳው የሚያድርበትን ዳርቻ ከበዓሉ በፊት ሽንት ቤት፣ ውሃና ሳሙና ሊያሰናዳለት ይገባል።

መቼ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ?

ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው አንዱን የኦ.አር.ኤስ ከረጢት በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጠው ያጠጡት፤ ጡት የሚጠባ ከሆነ ማጥባቱን አያቋርጡ፤ የዚንክ እንክብል ከጤና ጣቢያ ይቀበሉ። ዓይኑ ከሰረጎደ፣ መጠጣት ካልቻለ፣ ከደከመና ከፈዘዘ፣ ወይም ዓይነ ምድሩ ደም ካለበት ሳይዘገዩ ይውሰዱት። አዋቂም ሆነ ልጅ የሩዝ ውሃ የሚመስል ብዙ ተቅማጥ ከያዘው ኮሌራ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ይሂድ፤ በመንገድም ኦ.አር.ኤስ ይጠጣ።

እግርዎ ጣቶች አካባቢ ማሳከክና ማቃጠል ከጀመረ፣ ማታ ማታ የሚያብጥ ከሆነ ዝሆኔ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያ ደረጃው በየቀኑ በሳሙናና በውሃ መታጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ፣ ሲቀመጡ እግርን ከፍ ማድረግ እብጠቱን ሊመልሰው ይችላል። ሽፋሽፍት ዓይንን እየወጋ ከሆነ በወረንጦ እየነቀሉ አይቆዩ፤ የማስተካከያ ቀዶ ሕክምናው አጭር ነው፣ በጤና ጣቢያም ይሠራል።

ውሻ የነከሰው ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ ይጠብ። ከዚያም በዕለቱ ለክትባት ይሂድ፤ ውሻው ጤነኛ ቢመስልም።